ቴምፕሌቱ ባዶ ይሁን፣ ፋይሉ ይቅለል፦ ለሌይአውት ሠሪዎች የአሠራር መመሪያ

ጥር ሲገባ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የዲዛይን ሥራ የምንሠራ ሰዎች እንቅልፍ አይኖረንም። የጥምቀት ባነር፣ የቲሸርት ጽሑፍና የማኅበራት መጽሔት በአንድ ሳምንት ይመጣል። ታቦታቱ በገቡ ማግሥት ደግሞ የሠርግ ጥሪ ካርድ ፈላጊው ይሰለፋል፤ ሁዳዴ ሳይያዝ ሁሉም ድግሱን መጨረስ ይፈልጋልና። በዚህ ጥድፊያ መሀል የሚፈጠረው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የዲዛይን ሳይሆን የፋይል አያያዝ ስህተት ነው። እኔም ትምህርቱን ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ የሠርግ ካርድ ታዘዝኩ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ያለፈውን ሳምንት ካርድ ከፈትኩ፤ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቀይሬ ሴቭ አደረግሁ። 300 ካርድ ታተመ። በማግሥቱ የሙሽራዋ አባት መጥተው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡልኝና፣ «ልጄ፣ ይህ አዳራሽ የማን ነው? እኛ እኮ እዚህ አልተከራየንም» አሉኝ። ጀርባው ላይ የቀድሞው ሠርግ አዳራሽ እንዳለ ቀርቷል። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ» ብዬ ሌሊቱን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ። ሌላም ጉዳት ነበረበት፦ ሴቭ ያደረግሁት በድሮው ፋይል ላይ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ካርድ ከኮምፒውተሬ ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ደንብ አንድ ነው፦ የትናንት ሥራ ቴምፕሌት አይደለም። ቴምፕሌት ማለት ቅርጹን ብቻ የያዘ፣ የማንም ስም፣ የማንም ፎቶ የሌለበት ፋይል ነው። እንዲህ ሲሆን ስህተቱም ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይቀላል። ከታች ያለው በዋናነት ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የምሠራበት መንገድ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ በየቦታው ልዩነቱን እጠቁማለሁ።

ቴምፕሌቱን ማዘጋጀት

1. ከባዶ ጀምሩ። የድሮውን ሥራ ከፍቶ ማጽዳት ፈጣን ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ የሚደበቅ ነገር ይተርፋል። አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ የወረቀቱን መጠን፣ ዙሪያውን የሚቀረውን ማርጅን፣ እንዲሁም ቆራጩ ሲስት ነጭ መስመር እንዳይታይ ከጠርዙ ውጭ 3 ሚሊሜትር ብሊድ አስገቡ። እዚህ ላይ ማተሚያ ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

2. ስታይሎቹን ሥሩ፤ ስታይል ማለት የጽሑፉ ፎንት፣ መጠንና ቀለም በአንድ ስም ተሰይሞ የሚቀመጥበት ነው። ርዕስ፣ ንዑስ ርዕስ፣ ዋና ጽሑፍ፣ የፎቶ መግለጫ፣ የገጽ ቁጥር፦ እነዚህ አምስቱ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ስማቸውን በአማርኛ ጻፉት፤ ከእናንተ በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ልጅ «ፓራግራፍ ስታይል 7» ምን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

3. በየገጹ የሚደጋገመውን ሁሉ ማስተር ፔጅ ላይ አድርጉ። በአዲሶቹ ኢንዲዛይኖች ስሙ ፔረንት ፔጅ ሆኗል፤ ሥራው ያው ነው። የገጽ ቁጥር፣ የመጽሔቱ ስም፣ የማኅበሩ አርማ እዚያ ይቀመጣል።

4. የሚቀየረውን ጽሑፍ በማያሳስት ቃል ሙሉት። ለምሳሌ የሙሽራው ስም በሚገባበት ቦታ ላይ የሰው ስም አትጻፉ፤ «የሙሽራው ሙሉ ስም» ብላችሁ ጻፉ። አዳራሹም ላይ እንደዚያው። ከዚያ አንድ ደማቅ ቀለም ፍጠሩና ስሙን «ይቀየር» በሉት፤ የሚቀየረውን ሁሉ በዚህ ቀለም አቅልሙት፤ ትክክለኛው ጽሑፍ ሲገባበት ቀለሙን ወደ ስታይሉ ቀለም ትመልሱታላችሁ። ቀለሙን ስታይል ውስጥ አታስገቡት፤ ጽሑፉ ላይ ብቻ ይሁን።

ይህች ቀለም ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። ሥራው አልቆ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት የቀለሞቹን ሰሌዳ እከፍትና ጥግ ላይ ካለው ዝርዝር «ሴሌክት ኦል አንዩዝድ» የሚለውን እነካለሁ። ፕሮግራሙ በፋይሉ ውስጥ ያልተጠቀምንባቸውን ቀለሞች ይመርጣል። «ይቀየር» አብሮ ከተመረጠ፣ አንድም ያልተቀየረ ቦታ የለም ማለት ነው። ካልተመረጠ ግን የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ጀርባው ላይ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ያኔ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ የእኒያን አባት ፊት በዚያ ሁኔታ አላየውም ነበር።

5. አጽዱ። ያልተጠቀማችሁበትን ቀለምና ስታይል አጥፉ። ከገጹ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው ባዶ ሥፍራ የተጣለ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ካለ አንሱት፤ አይታተምም እንጂ ፋይሉ ውስጥ አለ።

6. በሴቭ አዝ አስቀምጡ፤ የፋይሉ ዓይነት ላይ ደግሞ «ኢንዲዛይን ቴምፕሌት» የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ሪድ ኦንሊ» አድርጉት። ወዲያው ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱት። ከላይ ርዕሱ ላይ «አንታይትልድ» የሚል ከመጣ ትክክል ነው፤ የተከፈተው ቅጂው ነው፣ ዋናው አልተነካም። የቴምፕሌቱን ስም ካሳየ ግን ሴቭ ያደረጋችሁት እንደ ተራ ፋይል ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ቴምፕሌቱን ራሱን ማረም ስትፈልጉ፣ ፋይል መክፈቻው መስኮት ላይ «ኦሪጅናል» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ካልመረጣችሁ ያረማችሁት ቅጂውን ነው። ብዙ ሰው ቴምፕሌቱን አስተካክያለሁ ብሎ በሳምንቱ ያው የድሮው ስህተት የሚመጣበት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮረል ድሮው ላይ «ሴቭ አዝ ቴምፕሌት» የሚል አለ። ነፃ የሆነው ስክሪበስም ፋይል ከሚለው ሥር ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው፤ ፈቃድ ገዝቶ ፕሮግራም ማስገባት ለሚከብደው ጀማሪ በደንብ እመክረዋለሁ። ፐብሊሸር ለምትጠቀሙ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2026 እ.ኤ.አ. በኋላ ፐብሊሸርን እንደማይደግፍ አስታውቋል። አዲስ ቴምፕሌት በእሱ አትጀምሩ፤ ያላችሁን ፋይሎችም ጊዜ ሳያልፍ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም አውጡ።

ምን ይኑር፣ ምን አይኑር

አስጎብኚ ድርጅቶች የሚያሳትሙትን ብሮሸር ውሰዱ። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱ አይቀየርም፤ ጽሑፉ ቴምፕሌቱ ላይ በቋሚነት ሊኖር ይችላል። የመግቢያ ዋጋ፣ የመክፈቻ ሰዓትና ስልክ ቁጥር ግን «ይቀየር» ቀለም ውስጥ ናቸው። ቋሚ የምታደርጉትን ጽሑፍ ደግሞ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው። አንድ ካርድ ላይ ያለ የፊደል ስህተት አንድ ጊዜ ይታተማል፤ ቴምፕሌት ላይ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ይታተማል።

ካላንደር፦ ሰባት ማስተር ፔጅ

ነሐሴ ላይ ካላንደር የሚሠራ ሰው አሥራ ሦስት ወር አንድ በአንድ ቁጥር ሲደረድር ሳይ አዝናለሁ። የእኛ ካላንደር ለቴምፕሌት የተሠራ ነው እስኪባል ድረስ ይመቻል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ የአንድ ወር ገበታ ሊኖረው የሚችለው መልክ ሰባት ብቻ ነው፦ ሰኞ የሚጀምር፣ ማክሰኞ የሚጀምር እያለ እስከ እሑድ። ሰባት ማስተር ፔጅ ሥሩ፤ ስማቸውን በሚጀምሩበት ቀን ሰይሙ። ሳምንቱን ከሰኞ የምትጀምሩ ከሆነ ስድስት ረድፍ የሚፈልገው እሑድ የሚጀምረው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በአምስት ረድፍ ያልቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የእሑዱን ሥሩና የሳጥኑን ቁመት በእሱ ለኩ፣ አለበለዚያ በኋላ 30ኛዋ ቀን ቦታ ታጣለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው መደልደል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወር ካለፈው ወር ሁለት ቀን ዘልሎ ይጀምራል። 2018 መስከረም ሐሙስ ገባ፤ ስለዚህ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ፣ መጋቢት ማክሰኞ ነው። ሚያዝያ ላይ ተመልሶ ሐሙስ ይሆናል፤ ከመስከረም ጋር አንድ ዓይነት ገበታ ነው። ግንቦት እንደ ጥቅምት፣ ሰኔ እንደ ኅዳር፣ ሐምሌ እንደ ታኅሣሥ፣ ነሐሴ እንደ ጥር፤ ጳጉሜን የምትገባው የካቲት በገባበት ቀን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም አንድ ቀን ይገፋል፤ 2019 መስከረም ዓርብ ይገባል። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ 2020 ሁለት ቀን ዘልሎ እሑድ ይገባል። ገጾቹን በሚያሳየው ሰሌዳ ላይ ትክክለኛውን ማስተር ይዞ ገጹ ላይ መጣል ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የወሩን ስም፣ የፈረንጁን ቀንና በዓላቱን ማስተር ላይ አታድርጉ። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ዓድዋ የካቲት 23 ቋሚ ናቸው፤ ግን የሚውሉበት ዕለት ስለሚቀየር ከገበታው ጋር ሊታሰሩ አይችሉም። ገና እንኳ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በሌላው ዘመን 29። ፋሲካና ኢድማ በየዓመቱ ይዞራሉ። እነዚህን ገጹ ላይ፣ በ«ይቀየር» ቀለም።

ፋይሉ ለምን ይከብዳል?

አብዛኛው ክብደት ከምስል ነው። ምስል ወደ ገጽ የሚገባበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፕሌስ በሚለው ትእዛዝ ማስገባት ነው፤ ያኔ ፋይሉ የምስሉን አድራሻ (ሊንክ) እና ቀለል ያለ ማሳያውን ብቻ ይይዛል፣ ዋናው ምስል ፎልደሩ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ከፎቶሾፕ ወይም ከዎርድ ኮፒ አድርጎ ፔስት ማድረግ ነው፤ ያኔ ምስሉ ፋይሉ ውስጥ ይዋጣል። ኮፒ ፔስት የሚወድ ሰው 40 ገጽ መጽሔቱ የማይንቀሳቀስ ተራራ ሆኖ ያገኘዋል። ፐብሊሸርና ኮረል ድሮው ላይ ምስል በራሱ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ኮረል ላይ ኢምፖርት ስታደርጉ በሊንክ እንዲሆን መምረጥ ይቻላል።

ሰው የማይጠረጥረው ሌላ መንገድ ዎርድ ነው። ደንበኛው ጽሑፉንና ፎቶውን በአንድ ዎርድ ፋይል ያመጣል። ያን ፋይል ፕሌስ ስታደርጉት ፎቶዎቹም አብረው ተውጠው ይገባሉ። ስለዚህ ስታስገቡ «ሾው ኢምፖርት ኦፕሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉና ከጽሑፍ ጋር የሚመጣውን ምስል አጥፉ። ፎቶዎቹን ለማውጣት ደግሞ የዎርዱን ፋይል ቅጂ አድርጉ፣ ከስሙ ኋላ ያለውን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይሩትና ክፈቱ፤ ውስጡ ሚዲያ የሚባል ፎልደር አለ፣ ፎቶዎቹ እዚያ ለየብቻ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን መጠኑን በቁጥር እንየው። ለኅትመት የሚበቃው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ነው። ደንበኛው በካሜራ ያነሳው የፋሲል ግንብ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው እንበል። እናንተ ብሮሸሩ ላይ የምታስገቡት 8 ሴንቲሜትር ስፋት አድርጋችሁ ነው። ለ8 ሴንቲሜትር የሚያስፈልገው 945 ፒክስል ብቻ ነው። በቀረው ማንም ዓይን ሊያየው የማይችል ዝርዝር እየተሸከማችሁ ነው፤ የፒክስሉ ብዛት 40 እጥፍ ነው። ኢንዲዛይን የሊንኮች ሰሌዳ ላይ ምስሉን ስትነኩ «ኢፌክቲቭ ፒፒአይ» የሚል ቁጥር ያሳያችኋል፤ ምስሉ ገጹ ላይ ባለው መጠን በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንዳለው ማለት ነው። ከላይ ባለው ፎቶ 1905 ገደማ ይላል። ቁጥሩ ከ450 ካለፈ ምስሉን ፎቶሾፕ ላይ አሳንሱት፤ ከ200 ከወረደ ደንበኛውን የተሻለ ፎቶ ጠይቁ። ስታሳንሱ ሁልጊዜ በሌላ ስም አስቀምጡ፤ ዋናው ፎቶ አይነካ።

ባነር ላይ ደንቡ ይለያል፤ ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው። 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የጥምቀት ባነር በ300 ከሠራችሁት፣ ሳይታመቅ ከ1 ጊጋ በላይ ይሆናል። በ100 ከሠራችሁት 140 ሜጋ ገደማ ነው፤ አስፋልት ማዶ ቆሞ ለሚያይ ልዩነት የለውም።

በቴሌግራም የሚመጣ ፎቶ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል። ደንበኛው እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ንገሩት፤ እኔ ይህን በደረሰኙ ጀርባ ሳይቀር ጽፌዋለሁ።

ምስሉ ተስተካክሎ እንኳ ፋይሉ ቀስ በቀስ ይወፍራል። ምክንያቱ ሴቭ ነው። ተራው ሴቭ ለፍጥነት ሲል የቀየራችሁትን በፋይሉ ላይ ይጨምራል እንጂ የጠፋውን አያወጣም። ሴቭ አዝ ግን ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ስለዚህ ማታ ሥራ ስታቆሙ ሁልጊዜ ሴቭ አዝ አድርጉ፤ ስሙ ላይ ቁጥር ጨምሩ፦ «መጽሔት 03»፣ «መጽሔት 04»። ፋይሉ ይቀላል፣ ወደ ኋላ መመለሻም ታገኛላችሁ። ሴቭ አዝም ካላቀለለው፣ ወይም ፋይሉ ያለ ምክንያት በራሱ መዘጋት ከጀመረ፣ ኤክስፖርት ብላችሁ ወደ አይ-ዲ-ኤም-ኤል አውጡትና እሱን ከፍታችሁ እንደገና አስቀምጡ። ብዙ የተበላሸ ፋይል በዚህ ሲድን አይቻለሁ። ይህ ዓይነት ፋይል በድሮ ኢንዲዛይንም ስለሚከፈት ማተሚያ ቤቱ አሮጌ ፕሮግራም ቢኖረው ይጠቅማል።

መብራትና ፍላሽ

ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አትሥሩ። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡ፣ ሥሩ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ወደ ፍላሹ መልሱ። መብራት ሲጠፋ ፍላሽ ላይ እየተጻፈ የነበረ ፋይል መትረፉ ዕድል ነው። ቀላል ፋይል እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል፦ ሴቭ ለማድረግ ሦስት ሰከንድ የሚፈጀውን ፋይል በየአምስት ደቂቃው ሴቭ ታደርጉታላችሁ፤ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን ግን እጃችሁ ይፈራዋል፣ መብራቱም የሚሄደው በዚያ መሀል ነው። በፋት 32 የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል እንደማይቀበልም አትርሱ።

ፎንት

ቴምፕሌቱን በዩኒኮድ ፎንት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ መለያ ቁጥር ባለው ፎንት ሥሩት፤ ኒያላ ወይም በነፃ የሚገኘው አቢሲኒካ ይበቃል። የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ ስላልሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ወደ ዝብርቅርቅ የላቲን ምልክት ይቀየራል፤ ቃል መፈለግና መተካትም ያስቸግራል። ከኢንዲዛይን በፊት በነበረው በፔጅሜከር ፕሮግራም የተሠራ የድሮ ፋይል ካላችሁ እስከ ኢንዲዛይን ሲ-ኤስ 6 ድረስ ያሉት ይከፍቱታል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አይከፍቱም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያለው ሰው ሳይጠፋ ከፍታችሁ ቀይሩት።

ማስረከብ

ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ሥራ «ፓኬጅ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ፋይሉን፣ ምስሎቹንና ፎንቶቹን በአንድ ፎልደር ይሰበስባል። ስክሪበስ ላይ ይህ «ኮሌክት ፎር አውትፑት» ይባላል። ለማተሚያ የሚሆነውን ፒዲኤፍ በ«ፕሬስ ኳሊቲ» አውጡ፤ እሱ ከ450 በላይ የሆነውን ምስል ወደ 300 ያወርደዋል። ለደንበኛው ለማሳየት ብቻ ከሆነ «ስሞለስት ፋይል ሳይዝ» በቂ ነው፤ ምስሉን ወደ 100 ስለሚያወርደው በስልክ ቶሎ ይከፈታል። ሁለቱን ፒዲኤፎች በስማቸው ለዩ፦ አንዱን «ለማሳያ»፣ ሌላውን «ለማተሚያ»። የማሳያው ፋይል ተሳስቶ ታትሞ ግንቡ ተበጣጥሶ የወጣ ብሮሸር በዓይኔ አይቻለሁ።

ፓኬጁን ከመላካችሁ በፊት ጎረቤት ካለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። የሊንኮቹ ሰሌዳ ላይ ቀይ የጥያቄ ምልክት ካለ አንድ ምስል አልመጣም፤ ጽሑፉ ሥር ሮዝ ቀለም ከታየ ፎንት ቀርቷል። ሥራው ታትሞ ሲመጣ፣ ደንበኛው ያሳረመው ነገር በሚቀጥለውም ሥራ የሚደገም ከሆነ፣ ያንኑ ዕለት ሪድ ኦንሊውን አንሱ፣ ቴምፕሌቱን በ«ኦሪጅናል» ክፈቱ፣ አርሙ፣ መልሳችሁ ቆልፉ።